ያልተከፈተው ሰማያዊ ቀለም

ሰኞ ማለዳ፣ መርማሪዋ ከሬሳው ፊት ይልቅ ቀድማ ያየችው ጫማውን ነው። ወደ ምድር ቤት በሚወስደው ደረጃ ግርጌ የወደቀችው ሴት ነጭ የላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ሶሉ ገና ዛሬ ከሱቅ የተገዛ ይመስል ንጹሕ ነው። ደረጃው ግን ግድግዳው ሲፋቅ ስለሰነበተ በኖራ ብናኝ ተሸፍኗል፤ የሳጅኑ ቡትስ እንኳ ሁለቴ ወርዶ በመውጣቱ ነጭ ሆኗል።

«ተንሸራታ ነው» አለ ሳጅኑ። «ካልሆነም የገፋት ሰው በእጃችን ነው። ዘበኛው ዓርብ ዕለት ሰው ፊት ጮኾባታል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሶሉን በጣቷ ነካችው። ጣቢያው ውስጥ «እሾህ» የሚል ቅጽል ያወጡላት በከንቱ አይደለም። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስትኖር ውሸት ለመስማት ጆሮዋ ለምዷል፤ ሞኝ አድርገው ሲዋሿት ግን ዛሬም ደሟ ይፈላል። ይህች ሴት ክንፍ ካላወጣች በቀር በዚህ ደረጃ በእግሯ አልወረደችም። ተሸክሞ ያወረዳት ሰው አለ።

ሟቿ በዚህ የአንጎል በሽታ ምርምር ተቋም ተመራማሪ ነበረች። ባልደረቦቿ «ጥርጣሬ» ይሏታል፤ ሁለት ጊዜ ያልለካችውን ነገር አታምንም ነበርና። የሬሳ መርማሪው ሐኪም የራስ ቅሏን ኋላ ዳስሶ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ እንደመታትና እሑድ ቀን እንደሞተች ተናገረ። ሰዓቱን ቆርጦ ለመናገር ግን ጊዜ ጠየቀ።

ጊዜ ደግሞ አልነበረም። ይህን የነገራት የተቋሙ ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ነው። ቢሮው ውስጥ ቆሞ ተቀበላትና «እጅግ አሳዛኝ አደጋ» አለ፤ ወዲያው ሰዓቱን አየ። ከአሥር ዓመት ልፋት በኋላ፣ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፎቅ ላይ ለተኙ አሥራ ሁለት ሕሙማን አዲሱ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ በመርፌ ይሰጣል። ስለ መርፌው ሲያወራ፣ ስለ ሟቿ ሲያወራ ያልነበረ ሙቀት በድምፁ ውስጥ ገባ።

መርማሪዋ ሟቿ ቅዳሜ በኮምፒውተር የላከችውን መልእክት አነሳችበት። «ሰኞ የማሳያችሁ ነገር አለ፤ እስከዚያ መድኃኒቱ ለማንም አይሰጥ» ይላል። የተላከው ለፕሮፌሰሩና ለምክትሉ ነው።

«እሷ የፀሐይን መውጣትም ትጠራጠር ነበር» አለ ፕሮፌሰሩ። «ደግሞም እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሷ አንስታዋለች። ይኸውልሽ አንብቢው።»

አንቺ እንዲላት ማንም አልፈቀደለትም። ቢሆንም አነበበችው። «ተሳስቼ ነበር፤ ደክሞኛል። መድኃኒቱ በቀጠሮው ይሰጥ» ይላል። ፕሮፌሰሩ እሑድ ሌላ ከተማ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው በተሰበሰበበት ከሦስት እስከ አሥር ሰዓት መድረክ መርቷል፤ ሳጅኑ ደውሎ አረጋግጧል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፕሮፌሰሩ አንድ ደግ ሥራ እንደሠራ ነገራት። ሟቿ ዓርብ ዕለት የዘበኛውን ሚስት ስም ከሕሙማኑ ዝርዝር ሰርዛው ነበር። እሱ ዛሬ ጠዋት መልሶ አስገብቶታል።

«ሬሳዋ ሳይነሳ?»

«ሰውየው ያሳዝናሉ» አለ ፕሮፌሰሩ፤ ሰዓቱንም ደግሞ አየ።

አዛውንቱ ዘበኛ በር ላይ ባለችው ጠባብ ክፍላቸው ተቀምጠው፣ የመግቢያና መውጫ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈዋል። መጮሃቸውን አልካዱም። ሚስታቸው ስድስት ዓመት ሙሉ በሚያንቀጠቅጥ በሽታ ተይዘው፣ እጃቸው ማንኪያ መያዝ ከተወ ቆይቷል። ያ መድኃኒት የመጨረሻ ተስፋቸው ነበር። ዶክተሯ የሚስታቸውን ስም ስትሰርዝ ለምን ብለው ቢጠይቋት፣ ሰኞ እነግርዎታለሁ ብላ ሄደች። «በሚስቴ ነፍስ ላይ አንቺ ማን ነሽ አልኳት» አሉ። «ክፉ ቃልም ጨመርኩበት።»

የሕሙማኑ ፎቅ በጀርባ የራሱ በር አለው፤ ወደ ምርምር ክፍሉ የሚያወርደው ደረጃም እሑድ ይቆለፋል። በዚህ መዝገብ ላይ የእሑድ ገጽ ሁለት ስም ብቻ አለው። ሟቿ ሦስት ሰዓት ገብታለች፤ መውጫዋ አልተጻፈም። ለምርምር በጠርሙስ የሚያድጉት የአንጎል ሴሎች ተንከባካቢ፣ ሁሉም «ሞግዚቷ» የሚሏት ሴት፣ አሥር ሰዓት ገብታ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወጥታለች።

«ቀኑን ሙሉ ከዚህ አልተነሡም?»

«ንቅንቅ አላልኩም።»

መርማሪዋ መዝገቡን ዘጋችው። «አባቴ፣ ልጆች አሉዎት?»

«አልሰጠንም።»

«ታዲያ ባለቤትዎ ማንኪያ መያዝ ካልቻሉ፣ እሑድ ምሳቸውን ማን አጎረሳቸው?»

ሽማግሌው ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አዩ። ከዚያ እንባቸው መጣ። ቤታቸው ቅርብ ነው፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥተው ሰባት ሳይሞላ ይመለሳሉ። ይህ ከታወቀ ከሥራ ይባረራሉ። ዶክተሯ መውጫዋ ያልተጻፈውም፣ እሳቸው በሌሉበት የወጣች መስሏቸው ነው፤ ደፍረው መጠየቅ አልቻሉም፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆልፈው ሄዱ። መርማሪዋ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን በሽማግሌው ላይ አልነበረም። ባል ሚስቱን ለማጉረስ ተደብቆ የሚወጣበትን ቤት የሚያስተዳድሩት ላይ ነው።

የሴሎቹ ክፍል ደጃፍ ላይ የጫማ መደርደሪያ አለ። ከላዩ «በዚህ ጫማ አይወጣም፤ በዚያ ጫማ አይገባም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የሟቿ ጽሕፈት ነው። ቡናማ የመንገድ ጫማዋም እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሞግዚቷ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ እንኳ መርማሪዋን ጫማዋን ሳታስወልቅ አላሳለፈቻትም።

ሞግዚቷ እሑድ የመጣችው መብራት ሲቆራረጥ ስለዋለ ሴሎቹ የሚኖሩበትን የማሞቂያ ሣጥን ሙቀት ለማየት ብቻ ነው። ሣጥኑን አልከፈተችም። ስለ ሥራው ስትጠየቅ ግን ልቅሶዋን ረስታ ተናገረች። አንጎል ውስጥ ወሬ የሚያቀባብሉት የነርቭ ሴሎች ናቸው፤ እነሱን የሚመግብ፣ የሚያጸዳና የሚጠብቅ ደግሞ ግሊያ የሚባል ሌላ ሴል አለ። ግሊያ ጠላት ሲያይ ይቆጣል፤ ሲቆጣም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመርታል። ጋዙ በትንሹ ሲሆን ለአንጎል ይጠቅማል። ቁጣው አልበርድ ካለ ግን ጎረቤቱን የነርቭ ሴል ያቃጥላል።

«የሚጠብቀውን ቤት እንደሚያቃጥል ዘበኛ በይው» አለች። «እንደ ዘበኛችን ሚስት ባሉ ሕሙማን ጭንቅላት ውስጥ ይህ ቁጣ በሽታውን ያባብሰዋል ብለን እናስባለን። መድኃኒታችን ቁጣውን እንዲያበርድ ነው።»

«መብረዱን በምን ታውቃላችሁ?»

«ከጠርሙሱ ቀይ ፈሳሽ ጥቂት ቀድተን፣ ቅላቱን የሚያጠፋ ኬሚካል እንጨምርበታለን። ጋዙ ካለ ሮዝ ይሆናል፤ ብዙ ከሆነ ይደምቃል። መድኃኒት የገባበት ጠርሙስ ግን ሮዝ አይሆንም፤ እንደ ውኃ ይቀራል። ይህን ባየን ቀን ጨፈርን።»

ሣጥኑን ስትከፍት ግን እጇ አየር ላይ ቀረ። የሟቿ ስድስት ጠርሙሶች እዚያው ናቸው። ሦስቱ መድኃኒት የገባባቸው፣ ሦስቱ ያልገባባቸው የቁጡ ሴሎች ጠርሙሶች ናቸው። የሁሉም ፈሳሽ እንደ ሮማን ቀልቷል።

«ማን መገባቸው?» አለች ሞግዚቷ። ሴሎቹ ሲራቡ ቀይ ፈሳሻቸው ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ እነዚህ ከዓርብ ጀምሮ ስላልተመገቡ ዛሬ ቢጫ መሆን ነበረባቸው። በሙከራ መካከል ፈሳሹን መቀየር ማለት የተጠራቀመውን ጋዝ መድፋት፣ የሦስት ቀን ልፋት ገደል መክተት ነው። «እሷ በሕይወት እያለች እነዚህን የነካ ሰው ቢኖር እጁን ትሰብረው ነበር። ደግሞ የትኛው ሞኝ ነው የመገባቸው? እኔ ሁሌ ግማሹን አሮጌ ፈሳሽ እተዋለሁ፤ ሙሉውን ከቀየርሽባቸው ይደነግጣሉ። ይኼ ጠርገው ደፍተው እንደ አዲስ የሞሉት ነው።»

መድኃኒት የገባባቸውን ጠርሙሶች በማጉሊያ መነጽር አየቻቸው፤ ከዚያ መርማሪዋን ወደ መነጽሩ ገፋቻት። ክፍት ሜዳ ይመስላል። እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ሴል ቀርቷል፤ ሌላው የለም። ያለ መድኃኒት በነበሩት ጠርሙሶች ግን ሴሎቹ ተጣብቀው ሞልተዋል።

ምክትሉ የገባው በዚህ መካከል ነው። የፕሮፌሰሩ የእህት ልጅ ነው፤ ሐኪም ነው፤ ሴሎቹን የሚቆጥረውም ሕሙማኑን የሚከታተለውም እሱ ነው። ጥቁር የቆዳ ጫማውን እንዳደረገ ሰተት ብሎ ገባ። ሞግዚቷ እግሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰች፤ የለመደችው ነገር ነው። እሑድ እስከ ሰባት ሰዓት ቤቱ ተኝቶ እንደነበር፣ ከሰባት ተኩል እስከ ምሽት ከሕሙማኑ ጋር እንደዋለ ተናገረ። የክፍሉ ነርሶች ይመሰክራሉ። መልእክቱም የተላከው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ እዚህ የነበረውን ሰው ፈልጉ አለ፤ ሞግዚቷን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

መርማሪዋ መድኃኒቱ ሴል አይገድልም ወይ ብላ ጠየቀችው። ተቋሙ ይህን በየሳምንቱ እንደሚያጣራ መዝገቡን አውጥቶ አሳያት። ከዓመት በላይ በየሳምንቱ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ «ሕያው ዘጠና አምስት በመቶ» ተብሎ ተፈርሟል። ከሥር የፕሮፌሰሩ ፊርማ አለ።

«እንዴት ነው የሚቆጥሩት?»

«በሰማያዊ ቀለም» አለ ምክትሉ። «ሕያው ሴል ቀለሙን አያስገባም። የሞተ ይጠጣዋል። ቀላል ነው።»

ሲወጣ መርማሪዋ ቀለሙን አምጪልኝ አለች። ሞግዚቷ ቁም ሣጥኑን ከፍታ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሰጠቻት። ዕቃ የምታዝዘው እሷ ናት፤ ከዓመት ተኩል በፊት የገዙት ይህን አንድ ብቻ ነው። ክዳኑን የጠቀለለው የፋብሪካ ላስቲክ አልተቀደደም።

ከዚህ በኋላ መርማሪዋ አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀራት፤ እሱንም ከሞግዚቷ ጋር ሠሩት። ሟቿ ሰዓትንም ትጠራጠር ነበርና፣ ቁጡ ሴሎች ፈሳሻቸው ከተቀየረ በኋላ በስንት ሰዓት ምን ያህል ሮዝ እንደሚሆኑ ፎቶ እያነሣች በተራ በተራ ማስታወሻዋ ላይ ለጥፋለች። በስሟ የተቆረጠ የሰማያዊ ቀለም መግዣ ደረሰኝም እዚያው ተለጥፏል። ልክ አምስት ሰዓት ላይ ካልታከሙት ጠርሙሶች ቀድተው ኬሚካሉን ጨመሩበት። ቀለሙ ቀስ ብሎ መጣ። ሦስቱም የሃያ ሰዓቱን ሮዝ አልፈው ከሃያ አራቱ አልደረሱም።

ሰባት ሰዓት ላይ የሬሳ ሐኪሙ ደወለ። መርማሪዋ እስኪጨርስ ሰማችው፤ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ስለተለወጠ ሳጅኑ ምን ሆንሽ ብሎ ሊጠይቃት ፈርቶ ተወው። አራቱንም ሰዎች ወደ ሴሎቹ ክፍል ሰብስብልኝ አለችው።

ፕሮፌሰሩ ሰዓት እያየ ገባ። ምክትሉ፣ ሞግዚቷና ሽማግሌው ዘበኛ ተከተሉ። መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጀመረችው፤ የሚያውቋት ይህን ይፈሩታል።

«ሟቿ ደረጃው ላይ አልሞተችም። የመንገድ ጫማዋ እስካሁን ደጃፍ ላይ ነው፤ የዚህ ክፍል ጫማ እግሯ ላይ ነው፤ ሶሉ ላይ ኖራ የለም። እዚህ ሞተች፤ ተሸክመው አወረዷት። ያወረዳት ሰው ጫማዋን መቀየር እንዳለበት ትዝ አላለውም። ሞግዚቷ ብትሆን እሱን ነው ቀድማ የምታየው። ደንቡ ትዝ የማይለው፣ ደንቡን አክብሮ የማያውቅ ሰው ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ጥቁሩ የቆዳ ጫማ ሄደ።

«ጫማ ማስረጃ ነው?» አለ ምክትሉ።

«ብቻውን አይደለም። እነዚህ ጠርሙሶች ከሟቿ በቀር ማንም እንዲነካቸው አይፈቀድም። ግን ተጠርገው ተቀይረዋል። እሷ በሕይወት እያለች አትፈቅድም፤ ስለዚህ የተቀየሩት እሷ መከልከል ካቃታት በኋላ ነው። ሴሎቹ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት እንደተቆጡ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ለካን። ከሃያ በላይ፣ ከሃያ አራት በታች። ይህ እሑድ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። የዘጠኝ ሰዓቱን መልእክት ታዲያ የጻፈው ማን ነው? ኮምፒውተር በስንት ሰዓት ላክልኝ ካሉት ይልካል። ፖሊስ ኮምፒውተሯን አይቶታል፤ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ የተጻፈ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን ደግሞ አነበበው።

«በዚያ ሰዓት ሞግዚቷ ቤቷ እንደነበረች ጎረቤቶቿ መስክረዋል። ብትኖርም ሴል ስትመግብ ግማሹን ትተዋለች እንጂ ጠርጋ አትደፋም። ፕሮፌሰሩ መድረክ ላይ ነበሩ። እኚህ አባት ደግሞ ከስድስት እስከ ሰባት በር ላይ አልነበሩም፤ ሚስታቸውን እያጎረሱ ነበር። በዚያች አንድ ሰዓት ያልተመዘገበ ሰው ገብቷል። እስከ ሰባት ተኩል የት እንደነበረ የሚመሰክርለት የሌለው ሰው አንድ ብቻ ነው።»

«ለምን ብዬ?» አለ ምክትሉ፤ ላብ አጥምቆታል።

መርማሪዋ ትንሿን ሰማያዊ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ለዚህ ብለህ።» አንተ ስትለው ሳጅኑ ቀና አለ። «ከዓመት በላይ በዚህ ቀለም ቆጠርኩ ብለህ ፈርመሃል። አልተከፈተም። አንድም ቀን አልቆጠርክም። መድኃኒታችሁ የገባበት ጠርሙስ ሮዝ ያልሆነው ሴሎቹ ስለተረጋጉ አይደለም፤ ስለሞቱ ነው። የሞተ አይቆጣም። እሷ ይህን ቆጥራ ደረሰችበት፤ የራሷን ቀለም ከኪሷ ገዝታ። አንተ ደግሞ ሙታኑን ከጠርሙሱ አጥበህ ደፋሃቸው።»

ፕሮፌሰሩ ጠርሙሱን አንሥቶ ክዳኑን ደጋግሞ ዳሰሰው። «አንተ» አለ፤ «ቆጥሬያለሁ ብለኸኛል።»

«ጋሼ፣ አንድም ቀን አሳየኝ አላልከኝም» አለ የእህቱ ልጅ። ከዚያ ሰውነቱ ላላ። አልገደልኳትም፣ እንድትጠብቅ ለመንኳት፣ አልሰማ ስትለኝ ገፋኋት፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደቀች፣ አደጋ ነው እያለ ተንተባተበ።

«የሬሳ ሐኪሙ ደውሎልኛል» አለች መርማሪዋ። «እንደወደቀች አልሞተችም። ግማሽ ሰዓት ያህል ትተነፍስ ነበር። ሐኪም ነህ። ከአጠገብህ እየተነፈሰች፣ አንተ ግማሽ ሰዓቱን ጠርሙስ አጠብክበት።»

ሞግዚቷ ጮኸች። ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ፕሮፌሰሩ ግን፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ «ሕሙማኑ ምን ይባላሉ? እንግዶች ጠርቻለሁ» አለ። መርማሪዋ ሃያ ዓመት ሰው መትታ አታውቅም፤ ያን ጊዜ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። መርፌው የአንድ ሰው ክንድ ላይ ቢደርስ በግድያ ሙከራ እንደምትይዘው ነገረችው፤ የፈረመበትንም መዝገብ ከፊቱ አነሣች።

ሽማግሌው ዘበኛ አልጠበቁም። ገና የሞተ አይቆጣም ሲባል ወጥተው ደረጃውን በሩጫ ጀምረው ነበር። መርማሪዋ ተከትላ ስትደርስ፣ ፎቁ ላይ ነርሷ መርፌዎቹን በተራ ደርድራ ቆማለች፤ ሽማግሌው በአልጋውና በነርሷ መካከል ገብተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል። መርማሪዋ መታወቂያዋን አሳየችና መርፌዎቹን አስነሣቻቸው።

ሚስትየው እጅጌያቸው ተጠቅልሎ፣ ክንዳቸው አልጋው ላይ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ነጩን ፀጉራቸውን ለዛሬ ብለው አበጥረዋል።

«ምን ሆንክ?» አሉ ባላቸውን። «ማነው የከለከለኝ?»

«ዶክተሯ ናት» አሉ ሽማግሌው። «ያቺ የሰደብኳት። መድኃኒቱ ይገድል ነበር። ስምሽን የሰረዘችው ለዚያ ነው፤ እኔ ግን…» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚስታቸውን እጅጌ ወደ ታች መለሱት።

ሴትየዋ ሰሟቸው። አላለቀሱም፣ አላመሰገኑም። ከባላቸው ዓይናቸውን አንሥተው በር ላይ የቆመችውን መርማሪ አዩዋት፤ ቁጣቸው ፊታቸው ላይ በግልጽ ይነበባል።

«እኔስ ታዲያ?» አሉ።

መርማሪዋ ከማለዳ ጀምራ ለቀረበላት ጥያቄ ሁሉ መልስ አግኝታ ነበር። ለዚህኛው ግን ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች።